ሥራ፦ የቤት እመቤት

መቼም አዲስ አበባ ያደገ ሰው ‹‹የመንዝ በግ›› የሚለውን ቃል ሳይሰማ አያድግም። በዓል ሲቃረብ ሾላ ሂዱ፣ ወይም ሰፈራችሁ ጥግ ላይ በግ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ጠጋ በሉት። የበጉን ወገብ ጨበጥ፣ ላቱን በመዳፉ መዘን አድርጎ፣ ‹‹የመንዝ ነው! ገብስ የበላ!›› ይላችኋል። በጉ ከየትም ይምጣ፣ ገበያ ላይ ሲቆም መንዜ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ለልምምድ የሠራነው የመጀመሪያ ዘገባ ይኸው የበዓል ገበያ ነበር። ነጋዴውን ጠየቅን፣ ሸማቹን ጠየቅን፣ ‹‹ዋጋው ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ጭማሪ አሳይቷል›› ብለን ቋጨነው። በጉን ያሳደገው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። መምህራችንም ‹‹ይሄ ጎድሏችኋል›› አላለንም። ውጤታችንም ደህና ነበር።

የሚያሳፍረው፣ እንዲህ ያለውን በግ የምታሳድግ ሴት እናውቅ ነበር። አያታችን ነበረች።

በነገራችን ላይ ‹‹እኛ›› ስንል እንደ ንጉሥ ራሳችንን እያከበርን አይደለም፤ የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዙ ነጋሢ የተነሣ ቢሆንም እንኳ። ‹‹እኛ›› ማለት የእማማ የልጅ ልጆች ነን፤ አሥራ አራት ነን። ጥቂቶቻችን ደብረ ብርሃን፣ አብዛኞቻችን አዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ዱባይ። ከመካከላችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተማረች። ይህችን ጽሑፍ በሁላችን ስም የምትጽፍላችሁ እሷ ናት።

እማማ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዐረፈች። ጋዜጠኛዋ ልትመረቅ ሁለት ወር ሲቀራት መሆኑ ነው። ሌሊቱን በኮንትራት ሚኒባስ ወደ መንዝ ስንጓዝ አንደኛው አጎታችን ከፊት ወንበር ዞር ብሎ፣ ‹‹ጋዜጠኛ እኮ አለችን! የሕይወት ታሪኳን እሷ ትጻፈው›› አለ። ሁሉም ተስማማ። ስክርቢቶ ተፈለገ፣ ከአንዱ ደብተር ወረቀት ተገነጠለ፣ የእማማ መታወቂያ ከእናታችን ቦርሳ ወጣ። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ትተን ወደ መሐል ሜዳ ስንታጠፍ ጽሑፉ አልቆ ነበር። አሥራ አንድ መስመር።

በዚህ ቦታ ተወለዱ። ከእንትና ጋር በሰማንያ ተጋብተው 9 ልጆች ወለዱ። እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ፣ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ነበሩ። የቤት እመቤት በመሆን ቤታቸውን ሲመሩ ቆይተው በተወለዱ በ81 ዓመታቸው…

አለቀ። ይቺው ናት። 81 ዓመት በአሥራ አንድ መስመር። ስሟን ብታወጡት ከአገሪቱ የማንኛዋም ባልቴት ቀብር ላይ ሊነበብ ይችላል። ተነበበ፤ ሰውም አለቀሰ። ለቅሶው ግን ለእማማ እንጂ ለጽሑፉ እንዳልነበር ያኔም ገብቶን ነበር።

*

እስቲ ያልጻፍነውን እንጻፈው።

መንዝ ብዙው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትርን ያለፈ ደጋ ነው። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ተጭነን የምንሄደው የአዲስ አበባ ልጆች ከመኪና ስንወርድ ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር። እማማ ትስቅብንና ባና ታለብሰናለች። ባና ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ልብስ ነው፤ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል። ሲበርደን እንወደዋለን፣ ሲያሳክከን እናማርረዋለን። ጠጉሩን በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ የሚሸምኑት ወንዶች። ገበያ ላይ ታዲያ ‹‹የእንትና ባና›› ተብሎ የሚጠራው በሸማኔው ስም ነው። ነገራችንም ከዚህ ይጀምራል።

እማማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። እሳቱን በኩበት ታያይዛለች፤ እንጨት በዚያ አገር ብርቅ ነው። ኩበቱንም የጠፈጠፈችው እሷ ናት። ሲነጋጋ በጎቹን ታወጣለች። ስታወጣ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ግን አይደለም። ‹‹ቡሬ ወጣች፣ ልጇ ወጣች፣ ያ ቀውስ ወጣ፣ ነጭዬ የታለች?›› እያለች ነው። አንዷ ከጎደለች ከአርባው መካከል የትኛዋ እንደሆነች ወዲያው ታውቃለች። እኛ ስልካችን ውስጥ ያለውን የሰው ስም ያህል እሷ በግ ታውቅ ነበር፤ ያውም እስከ አያታቸው።

ከበጎቹ ወደ እርሻው። በልግ ሲዘራ ከአራሹ ኋላ ኋላ እየተከተለች ጓል ትከሰክሳለች። ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብላ አረም ታርማለች። ገብሱ ሲደርስ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች። እህሉ ከአውድማ ሲመጣ ተቀብላ ወደ ጎታ የምታስገባው እሷ ናት። ለዘር የሚሆነውን ለይታ፣ በእጇ አንድ በአንድ ለቅማ ታስቀምጣለች። ጎታው እስከ መጪው አዝመራ ይደርስ እንደሆን በየቀኑ በልቧ ታሰላለች። ከዚያ ነው እንግዲህ ቆሎው፣ በሶው፣ ቂጣው፣ ጠላው የሚመጣው። እኛ ‹‹የቤት እመቤት›› ብለን የጻፍነው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አይተን ነው።

‹‹እማማ፣ አንቺ ገበሬ ነሽ?›› ብለን ጠይቀናት እናውቃለን፤ ልጆች ሳለን። በጣም ሳቀች። ‹‹ሴት ልጅ ምን ገበሬ ይሆናል? ገበሬማ እርፍ የጨበጠ ነው።››

እውነቷን ነው፣ በአገሩ ሕግ። በሬ ጠምዶ እርፍ የጨበጠ ገበሬ ይባላል። የቀረው ሥራ ሁሉ ስም የለውም። ሴት እርፍ ከጨበጠች ደግሞ ከማሳው በረከት ይሸሻል ይባል ነበር። ስለዚህ ሴትየዋ ከዘር እስከ ጎታ ያለውን ሁሉ ትሠራለች፣ ማረሱን ብቻ አትሠራም፤ በዚያች በአንዷ ምክንያት ስሙ ለሌላ ይሰጣል።

*

ዕድሜዋን ስንጠይቃት ‹‹ጣሊያን በወጣ ሰሞን ነው የተወለድኩት›› ትለን ነበር። እንግዲህ 1933 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የምትቆጥረው በጓሳ ነው።

ጓሳን ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው፣ በቱሪስት ፎቶ ነው። ለእማማ ግን ጓሳ የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ በክፉ ዓመት የከብት ግጦሽ ነው። የመንዝ ሰዎች ይህን የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ‹‹ቄሮ›› በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። (ቃሉ ከሰሞኑ ፖለቲካ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፣ አትደንግጡ።) የአስቦና የጌራ ተወላጆች ተስማምተው ቦታውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር። እናም እማማ፣ ‹‹ጓሳ በተከፈተ በዓመቱ ተዳርኩ፤ ዳግመኛ ሲከፈት የበኩር ልጄን አዝዬ ሣር አጨድኩ›› ትላለች። ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። የቄሮው ሥርዓትም ከድሮው የመሬት ሥሪት ጋር አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ላይ አንዲት ጥሩ ነገር አለች፦ መሬቱን ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ፣ የፆታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት ይሰጠዋል ትላለች። ይህንን ያነበብነው ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው። ለእማማ ስንነግራት፣ ‹‹እንዲህ ይላል እንዴ?›› አለች። እሷ የምታውቀው ገበሬ ማኅበር ሄዶ የተመዘገበው አያታችን እንደሆነ ነው። እሷ በቤቱ ውስጥ ካሉት ‹‹ቤተሰቦች›› አንዷ ነበረች።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ዝናቡ ቀረ። ከአርባ በላይ ከነበሩት በጎች ሦስት ተረፉ። ጎታው ግርጌ አንድ ስልቻ የገብስ ዘር ነበር። አያታችን ‹‹እንብላው›› አለ፤ እማማ ‹‹አይሆንም›› አለች። ወላጆቻችን ስለዚያ ሰሞን ማውራት አይወዱም። እኛ የምናውቀው እማማ ከወለደቻቸው ዘጠኝ ልጆች ያደጉት ስድስት መሆናቸውን፣ ዘሩ አለመበላቱን፣ እማማም እስክትሞት ድረስ ያንን ስልቻ ሰው እንዳይነካባት ትከለክል እንደነበር ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረንም።

በ1978 አያታችን ሞተ። የበኩር ልጇ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ቤት ውስጥ ከቀሩት ወንዶች ትልቁ ገና አሥር ዓመቱ ነው። መሬት አለ፣ ሁለት በሬ አለ፣ ዘር አለ፤ ‹‹ገበሬ›› የለም። እማማ እንደማንኛዋም ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ለጎረቤት የእኩል ሰጠች። ሰውየው ያርሳል፤ አረሙ፣ አጨዳው፣ ዘሩ የእሷ ነው፤ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል።

የበልጉ ዝናብ በ1979 ቀድሞ ገባ። ጎረቤትየው የራሱን ማሳ አስቀደመ፤ አይፈረድበትም። ‹‹ነገ እመጣለሁ›› ይላል፣ ነገ ያልፋል። አፈሩ እየደረቀ ነው። በመጨረሻ ሰውየው በሬዎቹን ይዞ ሲመጣ ማሳው ታርሶ፣ ተዘርቶ አገኘው።

ማን አረሰው? ይህ የቤተሰባችን ትልቁ እንቆቅልሽ ነበር። ስንጠይቃት፣ ‹‹መላእክት ናቸዋ!›› ትልና ወሬ ትቀይራለች።

*

ከሦስቱ በጎች መንጋው ተመለሰ። አስቸጋሪውን ብርድና ድርቅ የሚችል፣ ጠጉራም፣ ትንሽዬ በግ ነው የመንዝ በግ። ሙክት ይሸጥና የደብተር ይሆናል፤ ሌላ ሙክት ይሸጥና ደብረ ብርሃን የቤት ኪራይ ይከፈላል። እናትና አባቶቻችን ‹‹እኔ በሦስት ሙክት ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት›› እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልድ አይደለም። የእኛ የአዲስ አበባ ልጅነት፣ ዩኒቨርሲቲያችን፣ ይህች የምንጽፍባት ኮምፒውተር ሳትቀር፣ ወደ ኋላ ብትከተሏቸው እዚያ ጋጣ ውስጥ ይገባሉ።

በኋላ የተሻለ ዝርያ መጣ ተባለ። ከእስራኤል የመጣውን አዋሲ የተባለ በግ ከመንዙ ጋር ማዳቀል ተጀመረ፤ በደብረ ብርሃንና እዚያው መንዝ ውስጥ በአመድ ጉያ ማባዣዎች ነበሩ። እማማ የጎረቤቷን ድቃይ አየችና፣ ‹‹ቁመቱስ ቁመት ነው፤ ግን ብዙ ይበላል፤ የእኛን ሐምሌ መቼ አየና›› አለች። የገባቸውም ያልገባቸውም ሳቁባት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን ተመራማሪዎች ራሳቸው በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ሌላ መንገድ ያዙ፦ አርቢዎቹ ከራሳቸው የመንዝ በጎች መካከል ጥሩውን አውራ እየመረጡ በጋራ እንዲያራቡ። ይህ ሳይንስ ነው፤ ስምም አለው፤ ሌሎች አገሮችም ተምረውበታል። እማማ ጋጣዋ በር ላይ ቆማ ‹‹ይሄ ለዘር ይቅር፣ ያ ይሸጥ›› ስትል ግን የሚሠራው ሥራ ስም አልነበረውም።

መሬቱ ደብተር ሲሰጠው በይዞታ ማረጋገጫው ላይ ፎቶዋ ተለጠፈ። በሕይወቷ የተነሣችው የመጀመሪያ ፎቶ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ካሜራውን እንደ ቀበሮ አፍጥጣ እያየች። ደብተሩን ከዘሩ ስልቻ ጋር ነበር የምታስቀምጠው።

ከዓመታት በኋላ መታወቂያ ስታድስ አብረናት ሄደን ነበር። ጸሐፊው ቀና ሳይል ‹‹ሥራ?›› አላት።

‹‹አይ ልጄ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ?›› አለች።

‹‹የቤት እመቤት›› ብሎ ጻፈ። እኛ አጠገቧ ቆመናል፤ ሁለት ነበርን፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች። አንዳችንም ‹‹ኧረ ገበሬ ናት›› አላልንም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ትዝም አላለን።

*

ይህች አንዲት ቃል ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። እኛም እስከ ተዝካሩ ድረስ እንዲያ ነበር የሚመስለን።

በአርባኛው ቀን፣ ዘመድ ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ ማታ ሽማግሌዎቹና አጎቶቻችን ተቀመጡ። ነገሩ ‹‹መሬቱን ማን ይያዘው?›› ነው። አንዱ ለእኩል ይሰጥ አለ። አንዱ ከሩቅ ዘመድ አንድ ጎበዝ ጠቆመ። አንድ ሽማግሌ፣ ‹‹መቼም እዚህ የሚያርስ ሰው የለም›› አሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ትንሿ አክስታችን ጓዳ ውስጥ እንጀራ እየቆረሰች ነበር። ከእማማ ጋር ሠላሳ ዓመት ያረመችው፣ ያጨደችው፣ በጎቹን በስም የምታውቀው፣ አምስቱ ተበትነው ብቻዋን የቀረችው እሷ ናት። የእሷም መታወቂያ ላይ የተጻፈው ያው ነው። እኛም የእማማን ሕይወት በአሥራ አንድ መስመር ስንጽፍ እሷን ጭምር እንደጻፍናት ያኔ ገባን። ‹‹እዚህ የሚያርስ ሰው የለም።››

ዝም አልን። አሥራ አራት የተማርን ሰዎች ዝም አልን።

የተናገረው ትንሹ አጎታችን ነው፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረው። ‹‹እማማ አርሳለች›› አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

‹‹በሰባ ዘጠኝ በልግ፣ ሌሊት፣ በጨረቃ። ሦስት ሌሊት። እኔ በሬዎቹን ከፊት እየሳብኩ፣ እሷ እርፉን ይዛ። የአባቴን ባርኖስ ለብሳ ነበር፣ ሰው ቢያይ ወንድ እንዲመስላት። ‹ለማንም ብትናገር አልወለድኩህም› አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ገብሱም ያን ዓመት ደህና ነበር፤ በረከቱም አልሸሸ። እህቴም የእሷ ልጅ ናት፤ መሬቱ የእሷ ነው።››

ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ከመካከላቸው እጅግ ያረጁት፣ የእማማ የማሳ ጎረቤት፣ ዱላቸውን እየደባበሱ ቆዩና፣ ‹‹እኔም አይቻታለሁ›› አሉ። ‹‹በሬ ፍለጋ ወጥቼ አየኋት። በአረማመዷ ለየኋት። ሴትየዋ ልጆቿን ልታበላ ነው፤ ምን ብዬ ላውራ?››

ሠላሳ አምስት ዓመት። አንዱ ስለ ማለላት፣ አንዱ ስላዘነላት፣ ዝም ብለው ኖሩ። መሬቱ ለአክስታችን እንዲሆን ቤቱ ተስማማ። እሷ ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ‹‹ጭሱ ነው›› አለችን።

*

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንደ ልባችን መመላለስ ከብዶን ቆይቷል። ስልክ ሲገኝ አክስታችን ትደውልና የበጎቹን ዜና ትነግረናለች፤ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ። አሁን አሁን ስሞቹን መጻፍ ጀምረናል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2026ን ዓለም አቀፍ የሴት ገበሬዎች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ይህንን ዜና ስናነብ መጀመሪያ የመጣብን የእማማ ሳቅ ነው። ‹‹ሴት ልጅ ምን ገበሬ ይሆናል?›› ትል ነበር፤ በጨረቃ ያረሰችውን በልቧ ይዛ።

ያቺን የአሥራ አንድ መስመር ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልናትም። ‹‹የቤት እመቤት›› የምትለውን ሠርዘን ከላይዋ ‹‹ገበሬና በግ አርቢ›› ብለን ጽፈናል። መታወቂያው ላይ አይለወጥም፤ እሷም አትሰማን። አክስታችን ግን በሕይወት አለች፣ መታወቂያዋን የምታድስበት ጊዜም ይመጣል። አንዳችን አብረናት እንሄዳለን። ጸሐፊው ‹‹ሥራ?›› ሲል እሷ ‹‹ምን ሥራ አለኝ›› ማለቷ አይቀርም። በዚህኛው ግን ዝም አንልም።

እናንተስ? አያት ያላችሁ፣ እስቲ ዛሬ መታወቂያዋን አውጡና ‹‹ሥራ›› የሚለውን እዩት። ከዚያ ምን እንደሠራች ጠይቋት። ‹‹ምንም›› ትላችኋለች። አትመኗት፤ ደግማችሁ ጠይቁ።